የውሃ ልክ ቀይ ቀለበት

ስሙን አጥርተው የሚያውቁት ሟች ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ነበሩ። ለቀረው ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ላይም ይሁን እንግድነት፣ ያቺ አጭር ውሃ ልክ ከሱሪው የኋላ ኪስ ተለይታው አታውቅም። አንዴ ጎረቤቱ አዲስ ቁም ሣጥን ገዛና «እንኳን ደስ ያለህ» ሊለው ሄደ። እዚያው አውጥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ቢያስቀምጣት አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ጎረቤቱ እስከ ዛሬ ያኮርፈዋል፤ የቁም ሣጥኑ በርም እስከ ዛሬ አልገጠመም።

ሙያው ብየዳ ነው። በየመንገዱ ዳር ተገትረው ሳሙና ግዙ፣ ዘይት ግዙ፣ ስልክ ቀይሩ እያሉ መንገደኛውን የሚነዘንዙትን ትልልቅ ሰሌዳዎች የሚሸከመውን ብረት የሚሠራው እሱ ነው። ሥዕሉ አያገባውም። «ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ሳቂታዋን ሴትዮ ነው» ይላል፤ «እግሯን የማየው እኔ ነኝ።» ይህን ሲል ሚስቱ በሕይወት ሳለች ታኮርፍ ነበር አሉ።

አንድ የራሱ ልማድ ነበረው። ምሰሶውን በይዶ ሲጨርስ ከታችኛው ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይለካና ዙሪያውን የጣት ውፍረት ያለው ቀይ ቀለበት ይቀባል። ምሰሶው ሲተከል ቀለበቱ አፈር ከነካ ጉድጓዱ በቂ ነው። ቀለበቱ ከአፈር በላይ ከታየ ግን ቆፋሪው ለግሟል ማለት ነው፤ ማስተባበያ የለውም። ቆፋሪዎቹ «የውሃ ልክ ቀበቶ» ይሉታል። እሱም ቀበቶው አፈር ሳይለብስ የርክክብ ወረቀት ላይ ፈርሞ አያውቅም።

አያውቅም ነበር ማለት ይሻላል። ፈርሟል፤ ታሪኩም ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጁን ሊሸኝ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብሯት ሄደ። ልጁ ነርስ ናት፤ ሆስፒታል ገብታ ነጭ ገዋኗን እስክትለብስ ድረስ ግን ለእሱ ገና ምሳ ዕቃ የምትረሳ ልጅ ናት። ማቆሚያው አጠገብ ራሱ የበየደው ትልቅ የፍራሽ ማስታወቂያ ቆሟል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ ብሏል። ከጎኑ «እኛ እያለን ምን ያሳስብዎታል?» ተብሎ ተጽፏል።

ከሰውዬው ሥር ጥላ አለ፤ ማቆሚያው ጣራ ስለሌለው ሕዝቡ ሁሉ የሚጠለለው እዚያ ነው። የጥላው ቋሚ ነዋሪ ደግሞ ሎሚ፣ ሶፍትና ማስቲካ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ናት። ሁሉም የሎሚዋ እትዬ ይላታል። አፏ ከሎሚዋ ይመራል።

«ውሃ ልክ!» አለችው እንዳየችው። «ይሄ የሰቀልከው ሰውዬ እኮ ከሟቹ ባሌ ይሻላል። እሱም ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነበር የሚውለው፤ ጥላ ግን አልነበረውም።»

ልጁ እየሳቀች ወደ ኋላ ስትል የቦርሳዋ ዘለበት ምሰሶውን ፋቀው። ግራጫው ቀለም ተላጠ፤ ከሥሩ ቀይ ብቅ አለ።

ውሃ ልክ መጀመሪያ ዝገት መሰለው። ጎንበስ ብሎ በቁልፉ ሲፍቀው ቀዩ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሄደ፤ ምሰሶውን ዞረው። የራሱ ቀለበት ነው። ያለው ግን አፈር ላይ አይደለም፣ ከጉልበቱ በላይ ነው። ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ስድሳ አራት ሴንቲ ሜትር። ይህ ማለት አንድ ሜትር ከሃምሳ መቀበር የነበረበት ምሰሶ ሰማንያ ስድስት ብቻ ተቀብሯል። በላዩ ደግሞ የአንድ ቤት ጣራ የሚያክል ላሜራ ነፋስ ይጠብቃል። ውሃ ልኳን ምሰሶው ላይ ለጠፋት። አረፋዋ መሀል አልቆመችም፤ ምሰሶው ወደ ማቆሚያው አዘንብሏል።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ ጠቆረ» አለችው ልጁ።

«ምንም። አውቶቡስሽ መጣ፣ ሂጂ» አላት፤ ድምፁ ግን የእሱ አልመስል አለው።

ሁሉም ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት፣ ይህ ምሰሶ የተተከለ ሳምንት፣ የብየዳው ብርሃን ዓይኑን መትቶት እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር። ፎርማኑ የርክክቡን ወረቀት ይዞ ቤቱ መጣ።

«ዓይኔ እኮ አያይም» አለው ውሃ ልክ።

«ማየት ምን ያደርጋል፣ ጋሼ? እጅዎ ደህና ነው እኮ» አለ ፎርማኑ። ብዕሩን ጣቱ ውስጥ ከተተለት፤ ጣቱንም ወረቀቱ ላይ አስቀመጠለት። ውሃ ልክም ፈረመ። ሰው የጎረቤቱን ቁም ሣጥን ሳይለካ አያልፍም፣ የራሱን ምሰሶ ግን በጨርቅ ተሸፍኖ ይረከባል!

በዚያው ጠዋት ድርጅቱ ሄደ። የዛሬው ሥራ አስኪያጅ የድሮው ባለቤት ልጅ ነው፤ ሱሪውን እያስቀደደ በቱቦ ክምር ላይ ሲንሸራተት ውሃ ልክ ያውቀዋል። አሁን ከሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ይንሸራተታል። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ፎርማኑን በስልክ ጠየቀ። ፎርማኑም ሳያፍር ተናገረ። ሲቆፍሩ ሰማንያ ስድስት ላይ የውሃ ቧንቧ አገኙ። ቦታ ለመቀየር አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፍራሹ ደግሞ ቅዳሜ መታየት አለበት ተብሏል። ስለዚህ ኮንክሪቱን ሞልተው፣ የተረፈውን ቀይ ግራጫ ቀብተው ሄዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን አፍስሰው የሚለቅመውን ለሌላ ሰው ትተው ነው የሄዱት።

ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ከፈተ። «"በተሟላ ጥልቀት ተተክሏል" ይላል። ይሄ ፊርማ የማነው፣ ጋሼ?»

«የእኔ ነው። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

«ታዲያ ራስዎን ሊከሱ ነው የመጡት?»

«ምሰሶውን አውርደው ልልህ ነው የመጣሁት! ሰው ከሥሩ ይውላል እኮ፣ ልጄ።»

«እስካሁን ቆሟል አይደል?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ፋይሉንም ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት ሰው በቁሙ የሚገነዝበት ዓይነት ነበሩ። ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «እኛ የምናየው የሰሌዳውን ስፋትና ምስሉን ነው» አለችው። «ከመሬት በታች ያለው እኛን አይመለከትም።» የመንገዱ መሥሪያ ቤት ሄደ። «ምሰሶው ያለው እግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ የእኛ ኃላፊነት አስፋልቱ ነው» አሉት። አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ የእነሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ያኔ ይታያል» አለው። ፍራሽ ሻጮቹ ዘንድ ሄደ፤ አንዲት ትሁት ሴት ውሃ ጋብዛ «እኛ የተከራየነው ፊቱን ብቻ ነው፣ አባባ» ብላ መለሰችው።

እንግዲህ እዩት! ሰሌዳው ከተማውን ሁሉ ያያል፣ ከተማው ሁሉ ያየዋል፤ ፊቱ የአንዱ፣ ፈቃዱ የሌላው፣ ሥሩ ግን የማንም አይደለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በአንደኛው ቢሮ ማመልከቻውን እስከ መጨረሻ ያነበበለት አንድ ሹም ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ «ወድቋል?» ብሎ ጠየቀው።

«አልወደቀም። ሊወድቅ ነው።»

«ሊወድቅ ነው የሚል ቅጽ የለንም። ያለን የወደቀ ንብረት ቅጽ ነው።»

«ስለዚህ ሲወድቅ ልምጣ?»

«አዎ፤ ፎቶ ይዘው ይምጡ» አለ ሹሙ፣ በቅን ልብ።

ውሃ ልክ በሕይወቱ ተሳድቦ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ደረጃውን እየወረደ የሹሙን ዘር ማንዘር አነሳ፤ ዘበኛው እንኳ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነለት። ያንገበገበው ሹሙ ብቻ አልነበረም። አፉን በከፈተ ቁጥር ያቺ ፊርማ ጉሮሮው ላይ ትቆማለች። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም እንደሚባለው፣ እንደ ልቡ እንዳይጮህ የራሱ እጅ ያዘው።

የነፋሱ ወር እየቀረበ ነበር። የሎሚዋን እትዬ ለመናት።

«ከዚህ ተነሺ ስልሽ! በሬ ካራጁ ይውላል አሉ፤ አንቺም እንደሱ ሆንሽ።»

«ተነስቼ የት ልሂድ? ፀሐይ ላይ ሎሚዬ አንድ ቀን አያድርም» አለችው። «ደግሞ አንተ ነህ የበየድከው። የአንተ ብረት ወድቆ ያውቃል?»

ይህ ከስድብ ሁሉ በለጠበት። በነጋታው ጠዋት አንድ ጣሳ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ግራጫውን ፍቆ ቀለበቱን እንደገና ቀባው። ከላዩም በትልልቁ ጻፈ፦ «ይህ ቀለበት መሬት ውስጥ መሆን ነበረበት። ከምሰሶው ራቁ።» ከሥሩም «በያጁ» ብሎ ፈረመ፤ አሁን ዓይኑን ገልጦ።

ሕዝብ ሞኝ አይደለም። አንዱ አንብቦ ለሌላው ነገረ፤ ሰልፉ ከጥላው ወጥቶ ወደ ፋርማሲው ግድግዳ ሄደ። የሎሚዋ እትዬም እያጉረመረመች ሣጥኗን ተሸክማ ተከተለች። ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባ «ቆዳዬን ካስጠቆርከኝ አንተ ነህ የምታገባኝ» አለችው። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ውሃ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ምሳው ሳይወርድለት የድርጅቱ ፒክአፕ መጣ። መሰላል፣ ሁለት ቀለም ቀቢዎች፣ አንድ ባልዲ ግራጫ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አምስት ሳምንት ሙሉ ለምኖ አንድ አካፋ ያላስመጣው ሰው፣ ቀለሙን በነካ በሦስት ሰዓት ውስጥ መኪና አስመጣ! በነጋታው ደግሞ ቀባ፤ እነሱም ደግመው አጠፉ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ዘበኛ ከነወንበሩ አመጡ። ምሰሶውን ከሰው የሚጠብቅ ዘበኛ ቀጠሩ ማለት ነው፤ ሰውን ከምሰሶው የሚጠብቅ ግን ማንም አልቀጠረም። ለውሃ ልክም ንብረት በማበላሸት ተከሰሃልና ሐሙስ ጣቢያ ቅረብ የሚል መጥሪያ ደረሰው።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መርማሪ ፖሊሱ «ቀለሙን ከየት አመጣኸው?» እያለ ሲጠይቀው፣ የጣቢያው መስኮት በነፋስ ተላተመ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ተነሳ። ውሃ ልክም አብሮ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለው መርማሪው።

«ልቀቀኝ፣ ልጄ፤ እሄዳለሁ።»

«ቃልህን ሳትጨርስ የትም አትሄድም።»

ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ ከሆስፒታል።

«አባዬ፣ ወደቀ» አለችው። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ብዙ ሰው አልነበረም፣ ሰልፉ ፋርማሲው ጋ ነበር። ግን... የሎሚዋ እትዬ ከሥሩ ነበረች።»

ሆስፒታል ሲደርስ ከቀዶ ጥገናው አውጥተዋታል። አንሶላው በግራ በኩል ከጉልበት በታች ጠፍጣፋ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የነቃችው ወደ ማታ ነው፤ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ተነሺ ብዬሽ ነበር እኮ» አላት። መውቀሱ አልነበረም፣ ሌላ ቃል ጠፍቶት ነው።

«ተነስቼ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቀዩ ሲጠፋ የሠሩት መሰለኝ። ዘበኛም አቁመውለት ነበር። ይሄን ያህል ተጨንቀው... የሠሩት መሰለኝ።»

ውሃ ልክ ነገሩ ያኔ ገባው። የሰበራት ነፋሱ አይደለም፤ ያ ባልዲ ግራጫ ቀለም ነው። ባይቀቡት ኖሮ ፋርማሲው ግድግዳ ሥር ቆዳዋን እያጠቆረች ትሰድበው ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ በማግስቱ ሁሉም ከተፍ አለ። ያ መጥቶ የማያውቅ የፈቃድ ቢሮ መጣ፣ የመንገዱ መጣ፣ ፎቶ የሚያነሳው መጣ። ፍራሽ ሻጮቹ ከሁሉ ቀድመው ሰው ልከው የሰውዬውን ምስል ከወደቀው ላሜራ ገፈው ወሰዱ። በሁለተኛው ሳምንት አጣሪ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለየሰዉ አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ። ሁሉም በየተራ ተናገረ። የተናገሩት ተጠቃሎ ሲታይ ጥፋተኛው ነፋስ ነበር፤ «ያልተጠበቀ ነፋስ» አሉት። ነፋስ በየዓመቱ በዚያው ወር ይመጣል፤ የሚጠብቀው ሰው ነው የጠፋው።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ የርክክቡን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ድርጅታችን በባለሙያ ፊርማ ተማምኖ ነው» አለ፤ ውሃ ልክን ሳያየው። ሁሉም እፎይ አለ። ፊቱ ባለቤት አግኝቶ ነበር፣ ፈቃዱም ባለቤት አግኝቶ ነበር፤ አሁን ሥሩም ባለቤት ተገኘለት።

ውሃ ልክ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ። «ጻፉኝ። ከሁሉም በላይ፣ አንደኛ አድርጋችሁ ጻፉኝ፤ ሳላይ ፈርሜአለሁና ጥፋተኛ ነኝ። የዚያች ሴት እግር በእኔም እጅ ነው የተቆረጠው። ይሄን ለማለት ማንም አያስገድደኝም፤ አምስት ሳምንት ሙሉ በየደጃችሁ ስለው ከርሜአለሁ።» ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አያቸው። «እኔ ስፈርም ዓይኔ ላይ እርጥብ ጨርቅ ነበር። እናንተስ? እናንተ ዓይን ላይ ምን ነበር?»

አንደኛው የውሃውን ጠርሙስ ከፈተ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «ይሄ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አለ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ ውሃ ልክ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ። «ያ ፎርማን ባለፈው ዓመት ስንት ምሰሶ ተከለ?»

ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን አገላበጠ። «አሥራ አራት» አለ፤ ካለ በኋላ ግን የተናገረውን የሰማው ይመስል ፊቱ አመድ መሰለ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። አንዱ ወድቋል፣ ገና አሥራ ሦስት ምሰሶ ቀርቷል ብሎ ነገራት። ነገ ቀይ ቀለም ገዝቶ ሁሉንም እየዞረ እንደሚፍቅና እንደሚቀባ ነገራት። የሎሚዋ እትዬ ትራሱን ተደግፋ በትዕግሥት አዳመጠችው፤ ከዚያ እንደ ደህናው ቀን ገላመጠችው።

«አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም ቀለም? ሙያህ ምንድን ነው?»

«ብየዳ ነው።»

«ታዲያ በየደው እንጂ! ቀለም ይሸፍኑታል። ብረት በብረት ላይ ከተጻፈ በምን ይሸፍኑታል? ዓይን የሌለው እንኳ ይዳስሰዋል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያው ቆይቶ ይህን አላሰበውም ነበር። አፍሮ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ስፌቱ አመማትና ሰደበችው።

በማግስቱ ጠዋት ጄኔሬተር በጋሪ አስጭኖ፣ ልጁም ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አብራው፣ ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ሴት ጥርሷን እያሳየች የጥርስ ሳሙና ትሸጣለች፤ ሥሯ የትምህርት ቤት በር ነው። ውሃ ልክ ተንበርክኮ መፋቅ ጀመረ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምንም የለም። ጉልበቱ ላይም የለም። ልጁ «አባዬ፣ ይሄኛው ደህና ነው መሰለኝ» ስትለው ልቡ ደስ ሊለው ከጀለ። ቆሞ ወደ ላይ ፋቀ። ቀዩ ቀለበት ጭኑ ላይ ወጣ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ማን ፈቅዶልህ ነው? የሰው ንብረት እኮ ነው!»

«እኔ ፈቅጄ ነው። በግራጫው ተታልዬ ይሄኛውም ላይ ፈርሜአለሁ» አለው። «አንተ ልጆቹን በሌላኛው በር አስገባቸው። ሁለታችሁም ፊታችሁን አዙሩ፤ ብርሃኑን አትዩት።»

ኤሌክትሮዱን ከመያዣው ላይ ሰካ። ውሃ ልኳን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት፤ የብየዳውን ጭምብል አነሳና ፊቱ ላይ ከማውረዱ በፊት ቆም ብሎ ቀዩን መስመር ደግሞ በደንብ አየው።

«ከእንግዲህ ዓይኔን የምሸፍነው ለዚህ ብቻ ነው» አላት፤ ጭምብሉንም ዘጋው።